ነጭ ጋውን

ሚካኤላ የክሪክ ብረቷን ይዛ ከመኪና ወረደችና ወደ አንድ ቢሮ በር አመራች። ከሆስፒታል መምጣቷ ነበር፤ ጃኬቷ ላይ የታናሽ እህቷ የገሊላ ደም ደርቋል።

ገሊላ ማርገዟን እንዳወቀች "ነፃ ክሊኒክ፣ ሁሉም ምርጫ አለ" የሚል ማስታወቂያ ስልኳ ላይ አይታ ነው ኖርክሮስ ከተማ ወዳለው ወደዚህ ቢሮ የመጣችው። ቢሮው ነፍሰ ጡሮችን እንዳያስወርዱ የሚመክር እንጂ እውነተኛ ክሊኒክ እንዳልሆነ አላወቀችም። ሆዷን በጣም ያማት ነበር። ነጭ ጋውን የለበሱ ሀበሻ አሮጊት፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ አልትራሳውንድ አደረጉላትና "ፅንሱ ደህና ነው፣ ሕመሙ ያልፋል" ብለው ሸኟት። ፅንሱ ግን ከማህፀን ውጪ፣ የእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቱቦው ፈነዳ። ሚካኤላ እህቷን ያገኘቻት የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ በደም ተለውሳ ነው። ሐኪሞቹ ነፍሷን ያተረፉት በቀዶ ጥገና ነው።

በመጀመሪያው ምት የበሩ መስታወት ረገፈ። በሁለተኛው ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ተገመሰ። እንግዳ ተቀባይዋ እየጮኸች በጓሮ በር ሮጠች። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጋውናቸውን እንደለበሱ ከውስጥ ወጡ።

"ልጄ፣ ምን ሆነሻል?"

"ዶክተር ነሽ አንቺ?"

"እኔ... ቮለንቲር ነኝ፣ በነፃ ነው የማገለግለው። ጋውኑን ልበሺው አሉኝ፣ ለበስኩት።"

ሚካኤላ ብረቱን እዚያው አጠገባቸው ወደቆመው አልትራሳውንድ ማሽን ሰነዘረች። አሮጊቷ ሊከላከሉ እጃቸውን ዘረጉ። የክንዳቸው አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሴትየዋ የመስታወቱ ስብርባሪ ላይ ወድቀው እሪ አሉ። ፖሊሶች ደርሰው በደረቷ እስኪያስተኟት ድረስ ሚካኤላ ብረቱን አልለቀቀችም።

ከሳምንታት በኋላ ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ሐኪም እንደሌላቸው ማስታወቂያቸው ላይ በግልጽ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ደንብ ሊያወጣ ስብሰባ ጠራ። ሚካኤላ በዋስ ብትለቀቅም ወደ ወይዘሮ ዘነበወርቅ እንዳትቀርብ ስለታገደች ስብሰባውን በስልኳ ተከታተለች። የቢሮው ጠበቃ ክንዳቸው በጀሶ የታሰረውን ወይዘሮ ዘነበወርቅን ፊት አስቀምጦ "የተጠቃነው እኛ ነን" አለ። አዳራሹ ለአሮጊቷ አዝኖ አጉረመረመ። ሚካኤላ ሁሉን ነገር እንዳበላሸች ገባት።

አዳራሹ ውስጥ ገሊላ ሆዷን ደግፋ ተነሳች።

"እህቴ ጥፋተኛ ናት፣ ትጠየቅበታለች። እኔን የዋሹኝስ?"

አንድ የምክር ቤት አባል ወደ አሮጊቷ ዞሮ "ያንን የአልትራሳውንድ ምስል ማንበብ ያውቁ ነበር?" አላቸው። ጠበቃው እጅጌያቸውን ያዘ። እሳቸው ግን እያለቀሱ "አላውቅም ነበር" አሉ።

ደንቡ ጸደቀ። ሚካኤላም የሰው ክንድ ሰብራለችና ተፈርዶባት ታሰረች። ገሊላ ሁልጊዜ እስር ቤት እየሄደች ትጠይቃታለች፤ ብዙም ግን አያወሩም።