የድንቢጥ እግር

ሴትዮዋ የጫማ ቤቱን በር ከመግፋቷ በፊት ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። ባሕር ተሻግራ የመጣችው አንዲት ጥያቄ ይዛ ነው። ጥያቄዋ አግብታ ስትወልድ፣ ባሏን ስትቀብር፣ የልጅ ልጇን ስትስም ሁሉ ከአጠገቧ ተለይታት አታውቅም። ጋሽ ምስማር ያን ቀን ባቡር ጣቢያ ለምን አልመጡም?

ውስጥ የማስቲሽና የቆዳ ሽታ ተቀበላት። ወለሉ ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። ፀጉሯ የሸበተ ሴት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ጫማ በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ትሰፋለች።

«ይግቡ እናቴ። ተረከዝ ነው ሶል?»

«ላሠራ እንኳ አልመጣሁም። በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ቤት ያደግሁ ነኝ። ድንቢጥ ይሉኝ ነበር።»

ወስፌው አየር ላይ ቀረ።

«አንቺ! ድንቢጥ ነሽ? አባዬ ስምሽን ሲያነሳ ነው ያደግሁት!»

«አንቺስ ያቺ ያኔ የማዝላት አልቃሻ ሕፃን ነሽ?»

«አሁንማ የማስለቅሰው እኔ ነኝ፤ ደንበኞቼን ጠይቂ» አለችና ተነስታ አቀፈቻት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትልቁ ከተማ ከአውሮፕላን ቦምብ ሲዘንብበት፣ ልጆች ስማቸው ካርቶን ላይ ተጽፎ አንገታቸው ላይ እየተንጠለጠለ በባቡር ወደዚህች ትንሽ ከተማ ተላኩ። አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው የሚያሳድጋቸው ሰው መረጣቸው። ጠንካራው ቀድሞ ተወሰደ፣ ቆንጆዋ ተከተለች፤ የቀጨጨችው ድንቢጥ ቀረች። ሌላው ሁሉ ፊት ፊታቸውን ሲያይ፣ ዘግይተው የደረሱት ጫማ ሰፊ ግን እግር እግራቸውን አዩ። «ይቺ ልጅ የሰው ጫማ ነው ያደረገችው» አሉና እጇን ይዘው ወጡ። አፋቸውን በምስማር ሞልተው ስለሚውሉ ወሬ አያበዙም፤ የሰፈሩ ልጆች ጋሽ ምስማር ያሏቸውም ለዚህ ነው።

ባቡር ውስጥ ትልልቆቹ ልጆች «ቶሎ ቶሎ ጫማ የሚጠበው ልጅ ወደ ቦምቡ ይመለሳል» ብለው አስፈራርተዋታል። ስለዚህ ጋሽ ምስማር እግሯን ሊለኩ ሲንበረከኩ ጣቶቿን እጥፍ አደረገች። አዲሱ ጫማ ነከሳት። ስታነክስ ያዩዋት ሲጠይቋት «ወለም ብሎኝ ነው» አለች። አንድ ቀን ገላዋን ታጥባ በድንጋዩ ወለል ላይ ስትሮጥ፣ ጋሽ ምስማር እርጥብ ዱካዋን አዩ። ሳይደርቅ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመሩት። ከዚያ አልጋዋ ሥር ሌላ ጫማ ተቀመጠላት። ምስማሮቹን ከአፋቸው አውጥተው፣

«እዚህ ቤት ማደግ ይፈቀዳል» አሏት።

ጦርነቱ ሲያልቅ እናቷ በሕይወት አልነበረችም። ቀድማ ባሕር ማዶ የተሻገረች አክስቷ አስመጣቻት። ጣቢያ ድረስ የሸኟት የጋሽ ምስማር ባለቤት ብቻ ነበሩ፤ «አሁን ይደርሳል» እያሉ። ድንቢጥ ባቡሩ ታጥፎ እስኪሰወር አንገቷን በመስኮት አውጥታ ጋሽ ምስማርን ፈለገች። አልነበሩም። በአዲሱ አገር ቋንቋ ለመደች፣ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ስታጥብ አረጀች። ደህና ኑሮ ነበር። ግን ልጆቿ «አሳዳጊዎችሽ ይወዱሽ ነበር?» ሲሏት ወሬ ትቀይር ነበር።

«አባትሽ ሊሸኙኝ አልወጡም» አለች አሁን። «ሸክም ሆኜባቸው ነበር እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አልሰበርም።»

ጫማ ሰፊዋን ሳቅ ጀመራትና መሃል ላይ ተወችው።

«ሸክም? እናቴ እስክትሞት ስትቀልድበት የኖረችውን ልንገርሽ። አባዬ የመንገድሽን ጫማ ሲሰፋ ሰነበተ። የልጅ ጫማ ደግሞ ለማደጊያ የአውራ ጣት ያህል ትርፍ ይተውለታል፤ ይሄን ጀማሪም አይስተውም። በመሄጃሽ ቀን ሊጠቀልለው ቢያነሳው ልክክ ያለ ልክሽ! ቅንጣት ትርፍ የለውም።»

«እሳቸው? እንዴት ብለው?»

«እናቴ ‹እጅህ መሄዷን አላመነም› ትለው ነበር። እሱ ግን ‹እዚያ ሄዳ ሊነክሳት? ደግሞ ወለም አለኝ ብላ ልትደብቅ?› እያለ ፈትቶ እንደገና ሊሰፋ ተቀመጠ። ጨርሶ ጫማውን ታቅፎ ሲሮጥ የደረሰው የባቡሩ ጭስ ላይ ነው።»

ሴትዮዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ቆይ፣ ይሄ ብቻ መሰለሽ?» ሰፊዋ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የእንጨት እግር አወረደች። ጫማ ሰፊዎች ቆዳውን ወጥረው የሚሰፉበት ነው፤ ፎርማ ይሉታል። ውስጡ የልጅ እግር ነው፤ በላዩ ግን ቆዳ በቆዳ ተደራርቦበት ረዝሟል፣ ወፍሯል። ጠርዙ ላይ ሽፋኖቹ እንደ ሽንኩርት ይቆጠራሉ።

«የደንበኛ እግር ሲያድግ ተለክቶ እንዲህ ቆዳ ይለጠፍበታል። አንቺን ማን ይለካሽ? ትምህርት በተከፈተ ቁጥር የሰፈሩን እኩዮችሽን እየጠራ እግራቸውን ያያል። ‹ድንቢጥ ዘንድሮ ይሄን ታህላለች› ይልና አንድ ይለጥፋል። ከዓመታት በኋላ ‹በቃ፣ ደረሰች› ብሎ አቆመ።»

ሴትዮዋ ፎርማውን በሁለት እጇ ተቀበለች። በጣቷ ሽፋን በሽፋን ወረደችበት። ይሄኛው ሲለጠፍ በባዕድ ቋንቋ ክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ ነበር። ይሄኛው ሲለጠፍ የመጀመሪያ ሥራዋን ይዛለች። መኖሯን እንኳ የሚያስታውስ የለም ብላ ባለቀሰችባቸው ዓመታት፣ በዚህች ጠባብ ክፍል አንድ ሰው ተቀምጦ ያሳድጋት ነበር።

ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቀች። ቆዳ መንከሪያው ሳፋ ውስጥ እግሯን ነክራ ድንጋዩን ረገጠች። ሰፊዋ ተንበርክካ ፎርማውን ዱካው ላይ አስቀመጠችው። ተረከዙ ገጠመ። መሃሉ ገጠመ። ርዝመቱም እስከ ጫፉ ድረስ ገጠመ።

«ይቺ ብቻ ወጣች» አለች ሰፊዋ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ያበጠውን አጥንት እያሳየች። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከመቆም። ያንን ሁሉ ዘመን ስቆም።»

«ታዲያ እሱን አባዬ በምን ያውቃል?»

ሰፊዋ ፎርማው ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ ቆዳ ከመሬት አነሳች፣ ምስማሮች ከንፈሯ ላይ ሰካች፣ እርጥቡን እግር ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«አባዬ ነግሮኛል እኮ» አለች በምስማሮቹ መሃል፤ «ጣትሽን እንዳታጥፊ።»