ማኮብኮቢያውን ለመሻገር

አየር ማረፊያው ከተዘጋ ወራት አልፈዋል። በቦታው የመኖሪያ ሕንፃዎች እየተሠሩ ነው፤ ከማዶ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አልቀዋል። የእኛ የሠራተኞች ሰፈር ግን ሊፈርስ ስለሆነ በየበራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በምትኩ የሚሰጠን ቤት በዕጣ ነው። አባወራው ራሱ ቀርቦ ካላወጣ ዕጣው ለሌላ ያልፋል ተብለናል። ዕጣው የሚወጣው በድሮው የመንገደኞች አዳራሽ፣ ከማኮብኮቢያው ማዶ ነበር።

ሊወስደን የነበረው ሚኒባስ ሳይመጣ ቀረ። በከተማ በኩል እንዳንዞር ረፍዷል። ስለዚህ አባቴና እኔ በሣሩ መሀል አቋርጠን ሄድን።

አባቴ የማኮብኮቢያውን ዳር ሣር ሲያጭድ የኖረ ሰው ነው። አስፋልቱ ጫፍ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው አባዬ?»

«ማን ፈቀደልን?»

ሥራ ላይ ሳለ ለመሻገር የመቆጣጠሪያ ማማውን በሬዲዮ ያስፈቅድ ነበር። እናቴ «እኔንም ያገባኝ ማማውን አስፈቅዶ ነው» እያለች ትቀልድበታለች።

«ማማው ላይ አሁን ርግብ እንጂ ሰው የለም» አልኩት።

«አውቃለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

እጁን ይዤ ሳብኩት፤ እንደ ችካል ተተክሏል። ከአዳራሹ በድምፅ ማጉያ ስም ሲጠራ ይሰማል። የጎረቤታችን ስም ተጠራ።

ስልክ ማውራት አልወድም። ቢሆንም ማማው ላይ ይሠሩ ለነበሩት ጡረተኛ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አባዬ ማኮብኮቢያው ጋ ቆሞ አልሻገርም ብሏል። እባክዎ ተሻገር ይበሉት።»

«አንበጣ!» ብለው ሳቁ። ሣር ስለሚጨርስ ለአባቴ ያወጡለት ስም ነው። «እስቲ ያናግረኝ።»

ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቼ ዘረጋሁለት፤ አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ማማ፣ ለመሻገር ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

የጋሼ ሳቅ ጠፋ።

«ጠብቅ።»

«ጋሼ፣ ዕጣው እያለፈን ነው!»

«ልጄ፣ እኔ ያለሁት አልጋዬ ላይ ነው። ያላየሁትን እንዴት እለፉ እላለሁ?»

«ልክ ነው» አለ አባቴ።

አንዱን ለምኜ ሳልጨርስ ሁለት ሆኑብኝ።

«እንግዲያው ይጠይቁኝ፤ እኔ አይቼ ልንገርዎ።»

«በግራሽ ምን አለ?»

«ገልባጭ መኪና። ቆሟል።»

«ሾፌሩስ?»

«ጥላው ሥር ተኝቷል።»

«በቀኝሽ?»

«ሁለት ውሾች።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ምን ያደርጋሉ ነው ያልኩሽ። ውሻ ስንት አውሮፕላን አስቀርቷል!»

«ተኝተዋል። አይ፣ አንዱ ተነሣ። እየተሻገረ ነው።»

«ሳያስፈቅድ?» አለ አባቴ።

ውሻው እስኪያልፍ ጠበቅን። አሸተተ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። አባቴ አንዴም አልተቆጣም።

«አለፈ» አልኩ።

«ሰማዩንስ አየሽ?»

ቀና አልኩ። «ምንም የለም።»

ከዚያ በማላውቀው ድምፅ፣ «አንበጣ፣ ተሻገር። መሀል ላይ እንዳትቆም» አሉ።

አባቴ ግራና ቀኝ እንኳ ሳያይ እየሮጠ ተሻገረ። ልደርስበት አልቻልኩም።

ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠራ ደረስን። ዕጣ የምታስወጣው ሴት ተቆጣች።

«የት ቆይተው ነው? ላሳልፍዎ ነበር እኮ።»

«ማማው አቆይቶኝ።»

ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ሳጥኑን አስጠጋችለት። ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን።

«ሕንፃው ማኮብኮቢያው ላይ አይደለም አይደል?» አላት።

«አይደለም አባቴ። እሱ ዋናው መንገድ ነው የሚሆነው። ከቤትዎ ወጥተው ተሻግረው ገበያ ነው።»

አባቴ አመሰገናትና ወጣ።

ስንመለስ አስፋልቱ ጫፍ ላይ እንደገና ቆመ፤ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። ስልኬን አወጣሁ። ባትሪው ሞቷል።

በከተማ በኩል ዞረን ሄድን።