የሥራ ጥርሶች

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። የጥርስ ሐኪሟ ግን የምትመክረው የገዛ ወንድሟን ነውና መከራን ቁጭ ብላ መጠበቅ አልሆነላትም። ስለዚህ ትጮሃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጮኻለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

«ወንድም ጋሼ፣ ይኸው ዛሬም የተጉመጠመጥክበት ውሃ ደም ነው! ጤነኛ ድድ አይደማም አላልኩህም?»

«ኤዲያ፣ አንቺ ደግሞ! ትንሽ ነገር ስታካብጂ!» ይልና ትራምፔቱን አንግቶ ውልቅ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እሱ ነው። ሰው ሁሉ «ጥሩምባው» ነው የሚለው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ኖሯል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሷን ያሳደጋትም ያስተማራትም በዚያው በእስትንፋሱ ነው። ታዲያ ትራምፔት በሳንባ ብቻ የሚነፋ ይመስላችኋል? የትራምፔቱ ናስ ከንፈር ላይ፣ ከንፈሩ ደግሞ የፊት ጥርስ ላይ ነው የሚደገፈው። የፊት ጥርሱ ከወለቀ የጥሩምባው ነገር አበቃ። ይህን እያወቀች እንዴት አትጩህ? የአፉ ጠረን ከተለወጠ ቆይቷል። ድዱም እየሸሸ ጥርሶቹ የረዘሙ መስለዋል። ክሊኒክ ና ስትለው «ነገ» ይላል። የእሱ ነገ ደግሞ አያልቅም።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ከፍ ያለችውን ድምፅ ሊያወጣ ሲል አንዱ የፊት ጥርሱ ወደ ኋላ ሸሸት አለበት። ድምፁ ተሰነጠቀ። የባንዱ መሪ እሱ ብቻውን የሚነፋትን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጠበት። በማግስቱ ጥሩምባው ካርድ አውጥቶ፣ እንደማንኛውም በሽተኛ ወረፋ ጠብቆ፣ እህቱ ክፍል ገባ።

«አሁን ገና?» አለችው። ከንዴቷ ብዛት ጓንቷ እንኳ አልጠልቅ አላት።

«አትጩሂ ሚጣዬ፣ ውጭ ሰው አለ።»

ወንበሩን ዝቅ አድርጋ፣ ሚሊሜትር የተጻፈባትን ቀጭን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መካከል አስገባቻት። ከኋላ ሁለት፣ ሦስት፤ ደህና ነው። ፊት ላይ ስትደርስ ግን መለኪያዋ እስከ ስምንት ሰመጠች። ነገሩ አልገባትም። እጅ የማይደርስበት የኋላው ደህና ሆኖ ፊት ለፊት ያለው እንዴት ይበላሻል? ብሩሽ ሰጠችውና «እስቲ ቤት እንደምታደርገው ቦርሽ» አለችው።

የኋላዎቹን ያረረ ድስት እንደሚፈገፍግ ሰው ፈገፈጋቸው። ፊት ላይ ሲደርስ ብሩሹን አነሳና ወደ ሌላው ጎን አሻገረ።

«የፊቶቹስ?»

«እነሱማ የሥራ ናቸው» አለ፣ ኮራ ብሎ። «መድማት ሲጀምሩ አሳረፍኳቸው። በውሃ ብቻ ነው የምጉመጠመጥላቸው።»

«አሳረፍኳቸው?! የሚያደማህ እኮ ድዱ ጥግ የተጣበቀው ቆሻሻ ነው! ሲደማ ነው ይበልጥ የሚጸዳው! ሁለት ዓመት ሙሉ ስነግርህ…»

«ምን ነገርሽኝ?» ከወንበሩ ቀና አለ። «ደማ፣ ደማ ብለሽ ጮህሽብኝ። ደሙ እንዲህ ካስቆጣሽ ባልነካው ይሻላል አልኩ።» ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የፕላስቲክ መንጋጋ በአገጩ ጠቆመ። «ቅድም ወረፋ ስጠብቅ በበሩ ሳይሽ ነበር። ለማታውቂው ሰው ሁሉ ያንን ይዘሽ፣ ቀስ ብለሽ አቦራረሹን ታሳያለሽ። ለእኔ አንድ ቀን አሳይተሽኛል?»

ክው አለች። ያ መንጋጋ አንድም ቀን ቤት ገብቶ አያውቅም።

ድዱን አደንዝዛ፣ ከሥሩ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ቆሻሻ ፍቃ አወጣችለት። የቀረውን በሳምንቱ ትጨርሰዋለች። ከአራቱ የፊት ጥርሶች ሦስቱ ከተጠነቀቀላቸው ይተርፋሉ። የአንዱ ግን አጥንቱ አልቋል፤ ያለቀ አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሳትደብቅ ነገረችው።

«የትኛው?»

በጣቷ ነካችለት። ትራምፔቱ የሚያርፍበት ነበር። በምትኩ ሰው ሠራሽ ቢተከልለት እንደ ድሮው መንፋት ይችል እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰው። እሷም የምትጮህበት ሰው አጥታ ቆመች፤ ዛሬ ልትጮህ የሚገባት በራሷ ላይ ነበር። በመጨረሻ መንጋጋውን አንስታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ብሩሹን ወደ ድዱ ዘንበል ታደርገዋለህ። ሳትጫን፣ በትንሽ በትንሹ፤ ጠዋትና ማታ። በጥርስና በጥርስ መካከል ደግሞ ክር። ቢደማም አትተው፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይቀንሳል።» በቀን ሃያ ጊዜ የምትለው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥሩምባው መንጋጋውን ተቀብሎ ልክ እንዳሳየችው አደረገ። ከዚያ በደነዘዘ ከንፈሩ ጠየቃት።

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለችው፤ በየማለዳው ቤቱን በሚያናጋው ድምጿ ሳይሆን፣ ቀስ ብላ።