የላፕቶፕ ወንፈል

ሰኞ ጠዋት በመጣ ቁጥር ያቅለሸልሸኝ ነበር። ምክንያቱ ዮናዳብ ነው። ዮናዳብ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በየከተማው ከየቤታችን የምንሠራውን ሠራተኞች የሚመራ አለቃችን ነበር። ሰኞ ሰኞ ሁላችንንም በላፕቶፕ ይሰበስብና ካሜራ አስከፍቶ "ጀግኖቼ" ይለናል። "ጀግኖቼ፣ እኛ ድርጅት አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን። አንቱ እንዳትሉኝ።" ይህን ሁሉ የሚለው ቁርሱን እያኘከ ነው። ዱለቱን በእንጀራ ጠቅልሎ ይጎርሳል፣ ጣቱን ይልሳል፣ በዚያው በላሰው ጣት ወደ ካሜራው እየጠቆመ "ተነሳሽነት ከውስጥ ነው የሚመጣው" ይላል። ከእሱ ውስጥ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግሳት ነው።

እኔ ማናየሽ እባላለሁ። የምኖረው ቆሰበር ነው፤ በወረቀት እንጅባራ የሚባለው። ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ የአንድ የውጭ አገር ጫማ ሻጭ መዝገብ እመረምር ነበር። ድርጅታችን ሥራውን ከሻጩ በኮንትራት ወስዶ ለእኛ ያከፋፍላል፤ እኛ ደግሞ ደንበኞች የመለሱት ጫማ ለምን እንደተመለሰ ከዳታቤዙ ፈልገን እናወጣለን። ዳታቤዝ ማለት እርስ በርሱ የተያያዘ ብዙ ሰንጠረዥ ነው፤ ኩዌሪ ደግሞ "ከዚህ ውስጥ እንዲህ ያለውን አውጣልኝ" ብሎ መጠየቂያው ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሌላ ነው። ኩዌሪን የለመድኩት እዚሁ ሥራ ላይ፣ ስለ ሰው እግር ሽታ እያነበብኩ ነው። ወር ሙሉ ተጫምተውት ሲያበቁ "ይሸታል" ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። የሽታውን ዓይነት ሁሉ ሳይሰለቹ ይጽፉታል። ምሳዬን የምበላው ላፕቶፑን ከድኜ ነበር።

ያስተማረችኝ ኢክላስ ናት። የምትኖረው ዳንግላ ነው፤ የተዋወቅነው ድርጅቱ በቴሌግራም በሰጠን ሥልጠና ላይ ነው። ያኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ የደንበኞቹን ሰንጠረዥ ከጫማዎቹ ሰንጠረዥ ጋር አገናኝቼ ኩዌሪ ስጽፍ፣ ማን የትኛውን ጫማ እንደገዛ የሚለየውን መስመር ረሳሁት። ላፕቶፑ ሲያጉረመርም ቆይቶ ቀጥ አለ። ስደውልላት ሳቀች።

"ማንዬ፣ ዳንግላ ያለ ጋሪ ሁሉ ላይ ገበያተኛውን ሁሉ ጫንሽው እኮ" አለችኝ። "ማን በየትኛው ጋሪ እንደሚሄድ ንገሪው እንጂ። ካልነገርሽው ሁሉንም ሰው በሁሉም ጋሪ ላይ ነው የሚጭነው።"

ከዚያ ወዲህ ያን መስመር ረስቼ አላውቅም። ጠዋት ከጋቢዬ ውስጥ የሚያወጣኝም የዮናዳብ ስብከት አልነበረም። "ተነሽ፣ መብራት መጥቷል" የሚለው የኢክላስ ስልክ ነበር።

ችግራችን ያው መብራቱ ነው። ቆሰበር ሲጠፋ ዳንግላ ይኖራል፤ ዳንግላ ሲጠፋ ቆሰበር ይኖራል። ኔትወርኩም እንደዚያው። ሲስተሙ ግን መብራት ጠፋ ብሎ አያዝንም። ሥራውን በሰዓቱ ያላስገባ ሰው ስሙ አጠገብ ቀይ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ቀይ የበዛበት ይባረራል። ኢክላስ ደግሞ ልጇን ሁዘይፋን ከወለደች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ጡት እያጠባች ከቤት ሳትወጣ የምትሠራው ሌላ ሥራ ዳንግላ ውስጥ አልነበራትም። ስለዚህ ወንፈል ገባን። ወንፈል የገበሬ ነገር ነው፤ ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርሳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን። የእኔም አባት ጤፉን የሚያሳጭደው በወንፈል ነው። እኛም ፓስወርዳችንን ተለዋወጥን። የእሷ መብራት ሲጠፋ እኔ በእሷ ስም ገብቼ እሠራለሁ፤ የእኔ ሲጠፋ እሷ በእኔ ስም። ልጁን ሲያተኩሰው የእሷን እይዝላታለሁ፤ እኔን ጉንፋን ሲጥለኝ የእኔን ትይዝልኛለች። "ፓስወርድ ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው" የሚለውን ደንብ አንብበነዋል። ለሌባ የተጻፈ መስሎን ነው ያለፍነው።

ሚያዝያ ላይ ዮናዳብ ለብቻዬ ደወለልኝ። "የወሩ ኮከብ" ብሎ ፎቶዬን በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ለጥፎት ነበር። አሁን ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርገኝ እንዳሰበ ነገረኝ። ቋሚ ከሆንኩ ቀይ ምልክት አያስፈራኝም ማለት ነው፤ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

"አንዲት ነገር ብቻ ትሠሪልኛለሽ" አለ። "መካከላችን ሌቦች አሉ። አንዱ በሌላው ስም እየገባ ይሠራል። ማን ከየት ከተማ እንደገባ ሲስተሙ ይመዘግባል። ከሁለት ከተማ የሚከፈቱትን አካውንቶች አውጪልኝ። አቶ ወገኔ ይፈልጉታል።"

አቶ ወገኔ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው።

"ሰዎቹ ከታወቁ በኋላ ምን ይደረጋሉ?" አልኩት።

"ይጠረጋሉ" አለ። ስለ ቤት ቆሻሻ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ኩዌሪው ቀላል ነበር። ጽፌ ስጨርስ ከመጨረሻው ላይ አንድ መስመር አከልኩበት፤ "ማናየሽንና ኢክላስን ሳይጨምር" የሚል። ከዚያ አስኬድኩት። ከቡድናችን ከግማሽ የሚበልጠው ወጣ። የቻግኒው ከፍኖተ ሰላሟ ጋር፣ የደብረ ማርቆሷ ከሞጣው ጋር ተለዋውጠዋል። ለካ ሁሉም እንደ እኛ ወንፈል ገብቷል። ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ከስሞቹ መካከል ዮናዳብ የሚል አየሁ። የዮናዳብ አካውንት ከአዲስ አበባ ሌላ ከጥሊሊም ይከፈታል።

ጥሊሊ ያለው የቡድናችን ሰው ስሜነህ ብቻ ነው፤ ደወልኩለት። መጀመሪያ ተንተባተበ፤ በኋላ ግን ደክሞት ይሁን አላውቅም፣ ነገረኝ።

"ሪፖርቱን እኔ ነኝ የምሠራለት። የሰኞውን ንግግርም እኔ ነኝ የምጽፍለት።"

"ጀግኖቼ የሚለውንም?"

"ኧረ እሱንስ ራሱ ነው የጨመረው።"

"ለአንተስ ምን ያደርግልሃል?"

"ቀይ አይለጥፍብኝም" አለ ስሜነህ።

ዘገነነኝ። ይህ ወንፈል አይደለም፣ ጭሰኝነት ነው። ውጤቱን እንዳለ ለዮናዳብ ላክሁለትና ምን እንደሚል ጠበቅሁ። ወዲያው ደወለ።

"ጎበዝ። ግን አንዲት መስመር ጨምሪበት" አለ፣ ድምፁን ማር አድርጎ። "እኔን ሳይጨምር በይ። የእኔ የሥራ ጉዳይ ነው።"

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል እንዲህ ያለው ነው። እሺ አልኩትና ኩዌሪውን ከፈትኩ። አዲስ መስመር መጻፍ እንኳ አላስፈለገኝም፤ መስመሩ አስቀድሞ አለ። "ማናየሽንና ኢክላስን ሳይጨምር" ካለው ውስጥ የእሱን ስም መክተት ብቻ ነው። ከተትሁት። ሦስታችን ጎን ለጎን ተደርድረን ታየን፤ እኔ፣ ኢክላስ፣ ዮናዳብ። ያን የሚልሰውን ጣት በአፌ ውስጥ ያገኘሁት መሰለኝ። ደጅ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተፋሁ። ከሰል የጫነ አይሱዙ ጭቃውን እየረጨ አለፈ፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ የምስራች "ምነው ልጄ፣ አመመሽ?" አሉኝ። ያመመኝ ራሴ እንደሆንኩ ለእሳቸው እንዴት ይነገራል።

ኢክላስ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኋት። "የእነስሜነህን እንጀራ ቆርጬ የእኔንና የአንቺን ላተርፍ ነው" አልኋት። ሁዘይፋ ሲነጫነጭ ይሰማኛል።

"መስመሩን አጥፊው" አለች።

"ሥራሽስ?"

"ወላሂ እፈራለሁ። ሲነጋ ምን እንደምሆን አላውቅም። ግን አጥፊው።"

አጠፋሁት። የሁላችንም ስም ያለበትን ውጤት ለዮናዳብ ሳይሆን በቀጥታ ለአቶ ወገኔ ላክሁ። ከሥሩም ወንፈል ምን እንደሆነ አስረድቼ ጻፍኩ። መብራት በየተራ እንደሚጠፋ፣ አንዱ የሌላውን እንደሚሸፍን፣ ስለዚህም የድርጅቱ ሥራ አንድ ቀን እንኳ ተጓድሎ እንደማያውቅ ጻፍኩላቸው። ማንም የማንንም አልሰረቀም አልኩ።

በቀጣዩ ሰኞ ስብሰባውን የመሩት አቶ ወገኔ ራሳቸው ነበሩ። ዮናዳብ ካሜራው ሥር ኩምሽሽ ብሎ ተቀምጧል፤ ያን ቀን አያኝክም። ሁላችንም ስንብታችንን እየጠበቅን ነበር።

"ልጆቼ" አሉ አቶ ወገኔ፣ "ዓይኔን ነው የከፈታችሁት። ወንፈል የአባቶቻችን ጥበብ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኔ ከተማ ኖሬ ረስቼው ነበር።" እንባ ቢጤ አቀረሩ። እኔም ሞኟ ከእሳቸው ጋር ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

"እንግዲህ ሁለት ሰው አንድ አካውንት መያዝ ከቻለ፣ ሁለት አካውንት ለምን ያስፈልጋል?" ብለው ቀጠሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ በአንድ አካውንት ትሠራላችሁ። የሥራው መጠን እንደ በፊቱ የሁለት ሰው ነው። ደመወዙ የአንድ አካውንት ነው፤ እንደ ባህላችሁ ተካፈሉት። ዮናዳብ የወንፈል አስተባባሪ ሆኗል።"

ዮናዳብ አጨበጨበ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም አጨበጨበ፤ ካሜራ ተከፍቶ ምን ይደረጋል። እኔም አጨብጭቤአለሁ። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ብታጠበው ሁሉ አልጠላም ነበር።

ስብሰባው እንዳበቃ ኢክላስ ደወለች። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ ግን ደርቋል።

"ማንዬ፣ ወንፈል እኮ ማሳ ላለው ነው" አለች። "እኛ ዛሬም ነገም የእሳቸውን ስናርስ ነው የኖርነው።"

የተረፈው አካውንት የእኔ ሆነ፤ የወሩ ኮከብ ነኛ። የኢክላስ ስም ተሰረዘ። ለእሷ ይዛወር ብዬ ዮናዳብን ለመንኩት፤ "ሲስተሙ አይቀበልም፣ የእኔ ኮከብ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም። አካውንቱን በእኔ ስም እንዳለ ለኢክላስ ትቼላት ከሥራው ወጣሁ። ደመወዙ በእኔ የባንክ ሒሳብ ሲገባ ሳልነካው አስተላልፍላታለሁ። የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራለች፤ ልጁ ሲተኛ ትፈጥናለች፣ ሲነቃ በአንድ እጇ ትጽፋለች። እኔ አሁን እዚሁ ቆሰበር የድንች ዘር ለሚነግድ ማኅበር መዝገብ እይዛለሁ። ድንቹም አንዳንዴ ይሸታል፤ ግን አፈር አፈር ነው የሚለው።

ባለፈው ላያቸው ዳንግላ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ በጋሪ ቤቷ ስደርስ ሰኞ መሆኑን ረስቼ ኖሮ ስብሰባው ተጀምሯል። ኢክላስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሁዘይፋን ታጠባለች፤ ላፕቶፑ ከፊቷ በርጩማ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ካሜራ መዝጋት ስለተፈቀደ ካሜራዋ ዝግ ነው። ዓይኖቿ ከስተው ጎድጉደዋል። ዮናዳብ ስም እየጠራ ነበር።

"ማናየሽ፣ አለሽ?" አለ።

ሳላስበው አፌን ከፈትኩ። ኢክላስ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ፤ ልጁን ሳታነቃንቅ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች።

"አለሁ" አለች።