ወደ ኋላ የዞረው መጋዝ

ዳርሊን ባሏ ቨርጂል ከሞተ ወዲህ የማይበላሽባት ነገር የለም። መጀመሪያ የጋራዡ በር፣ ቀጥሎ የበረዶ መጥረጊያው፣ አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መጋዙ። ታዲያ የምትደውለው እኛ ቤት ነው። ስልኩን ሳነሳ "ኢርማዬ፣ ዌንደል አለ?" ትለኛለች። የት ይሄዳል? ባሌ ነው፣ አለ።

የእኔ ወጥ ቤት መብራት ከፋሲካ ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይላል። እሱን እንዲያይልኝ ስጠይቀው ዌንደል ወገቡን ያመዋል። ለዳርሊን ግን ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ ሻጥ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ቀናሁ፤ ምን ያስዋሸኛል።

"እኔም እመጣለሁ" አልኩት።

"ምን ልታደርጊ? መጋዝ እኮ ነው።"

"ፓይ ላደርስላት።"

ፓዩን የጋገርኩት ለቤታችን ነበር።

ዳርሊን ለልጅ ልጇ አልጋ መሥራት ጀምራለች፤ ቨርጂል ትቶት በሄደው የኦክ ጣውላ። መጋዙ ወፍራሙን ጣውላ ሲነካ ያቃስታል፣ የቤቱ መብራት ይደበዝዛል፣ ከዚያ ብሬከሩ ወድቆ ሁሉም ይጠፋል። ሞተሩ ግን በመቶ አስርም በሁለት መቶ ሃያም ቮልት የሚሠራ ዓይነት ነው፤ ውስጡ ያሉትን ሽቦዎች ማዛወር ብቻ ነው የሚፈልገው። ለሁለት መቶ ሃያው የሚሆነውን ትልቁን ሶኬት ቨርጂል ነፍሱን ይማረውና ግድግዳው ላይ አስገጥሞት ነበር፣ ሞት ቀደመው።

ይህን ሥራ ዌንደል ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። የሰፈሩን ሞተር ሁሉ ሽቦ ያዛወረው እሱ ነው። በሕይወቱ የተሳሳተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገና ኮረዳ ሳለሁ፣ አባቴ ጋራዥ ውስጥ። መብራት ይዤለት ነበር። ሁለቱን የማስነሻ ሽቦዎች አምታታና የአባቴ መጋዝ ወደ ኋላ ዞረ። አባቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት "ይሄ ጎረምሳ የሚያየው ሽቦውን አይደለም!" አለ። በሰርጋችን ዕለትም ደገመው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዛሬም ስንጣላ ያቺን ቀን ሳስታውስ ልቤ ይራራል።

ዳርሊን የቨርጂልን ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን በቀይ ሻሽ አስራ ተቀበለችን። በዕድሜ ከእኔ አታንስም፣ አንድ ክፍል ነው የተማርነው።

ዌንደል መጋዙን ከኤሌክትሪክ ነቀለና የሞተሩን ክዳን ፈትቶ ከማሽኑ ሥር ገባ። "እዚህ ጨለማ ነው፣ አንዳችሁ መብራት ያዙልኝ" አለ። ፓዩን እስካስቀምጥ ዳርሊን መብራቱን አንስታ አጠገቡ ተንበርክካለች።

"እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው" አላት።

"አንተ ነሃ የምታስቀኝ!"

እኔን ካሳቀኝ ቆይቷል። ፓዩን አስር ቦታ ቆራረጥኩት።

ሽቦዎቹን በናስትሮ ጠቀለለ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ የገመዱን ጫፍ ለትልቁ ሶኬት በሚሆን ቀየረ። "ራቅ በሉ" ብሎ አስነሳው። መጋዙ ሳያቃስት ተነሳ፣ መብራቱም አልደበዘዘም። ዳርሊን አጨበጨበች። ዌንደል ፈገግ ብሎ አጠፋው።

ምላጩ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጥርሶቹ ታዩ። የሚዞሩት ወደ ኋላ ነበር።

"ውይ!" አለች ዳርሊን ሆዷን ይዛ እየሳቀች። "አንተም ትሳሳታለህ እንዴ? ኢርማ፣ ባልሽ አርጅቷል!"

እኔ አልሳቅኩም። ዌንደልም አልሳቀም፤ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ሰበረ።

ሄጄ መብራቱን ከዳርሊን እጅ ወሰድኩ። "አንቺ ፓይሽን ብዪ" አልኳት። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከኩ።

ዌንደል ገመዱን ነቅሎ ክዳኑን እንደገና ፈታው።

"ኢርማ…" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሽቦውን እይ" አልኩት።