ያልነካሁት ፊውዝ

መቶ አለቃ ፌርሚን ኡርኪዮላ ከእንግሊዞች ጋር ከምንዋጋባቸው ከማልቪናስ ደሴቶች ሲመለስ የአውሮፕላኑ መስታወት በባሕር ጨው ነጥቶ ነበር። ያን ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። ከፍ ካለ የእንግሊዞቹ መርከብ ራዳር ያየዋል፣ ሚሳይልም ይከተለዋል። ስለዚህ ማዕበሉን እየታከከ ሄዶ፣ መርከቧ አናት ላይ ሲደርስ ቦምቡን ጥሎ ያመልጣል።

መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ቦምቡን የምሰቅለው ሳጅን አንሴልሞ።

«መታኋት! በጎኗ ገባ። ግን አልፈነዳም! ቦምብ ነው ወይስ ዱባ የምትሰቅልልኝ?» አለኝ።

«ቦምቡ ምን ያድርግ፣ መቶ አለቃ? ጊዜ አልሰጡትም እኮ።»

እውነቴን ነው። ቦምቡን የሚያፈነዳው ፊውዝ ላይ ትንሽ መዘውር አለች። ቦምቡ ሲወድቅ ነፋሱ ያዞራታል፤ ዙሯን ካልጨረሰች ቦምቡ አይነቃም። የጣለው አውሮፕላን እስኪርቅ ተብሎ ነው። የኛ ልጆች ግን ከማዕበል ላይ ሆነው ሲጥሉት፣ መዘውሯ ሳትጨርስ ቦምቡ መርከቧ ውስጥ ይገባል።

«ጊዜውን አሳጥረዋ!»

«ካሳጠርኩት እርስዎንም ይዞ ነው የሚፈነዳው።»

«እሱን ለኔ ተወው። አንተ በዚህ ዕድሜህ ሞት የምትፈራው ምን ቀርቶህ ነው?»

ሚስትም ልጅም የለኝም። ይህን ተሳዳቢ ካወቅኩት ወር አይሞላም፤ ግን እንደ ልጄ ወድጄዋለሁ። በማግስቱ «አሳጥሬዋለሁ» አልኩት። ፊውዙን ግን አልነካሁትም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲወርድ በትከሻው ገፋኝ። ቦምቡ ገብቷል፤ አልፈነዳም። ከኋላው ይበር የነበረውን ሌዴስማን ደግሞ ያቺው መርከብ መትታ ጥላዋለች። ጃንጥላ ሲዘረጋ ያየ የለም።

«አንሴልሞ፣ ነክተኸዋል?»

መሰላሉን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

«ነክተኸዋል ወይ?»

«አልነካሁትም፣ ልጄ። ለአንተ ብዬ ነው።» ማዕረጉንም አንቱታውንም ረሳሁት።

ይመታኛል ብዬ ነበር። ምነው በመታኝ! የአውሮፕላኑን ጎማ ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«የሌዴስማ ሚስት እርጉዝ ናት» አለ። «መርከቧ ብትፈነዳ አትተኩስበትም ነበር። በከንቱ አስበላኸው።»

አንዱን ላድን ብዬ ሌላውን ገደልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቦምቡን ስሰቅል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። መፍቻውን አንስቼ የፊውዙን ጊዜ አሳጠርኩት። መርከቧ ውስጥም የሰው ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ያሰብኩት ግን ስለ እሱ ብቻ ነው።

«ልክ እንደጣሉት ወደ ግራ ይጠምዝዙ። እባክዎ።»

«እሺ፣ አባባ» አለኝ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ሦስት ሆነው ሄዱ። ሁለት ሆነው መጡ። ቦምቡ መርከቧን ከመሃል እንደገመሳትና ፌርሚን ከዚያ እሳት እንዳልወጣ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ያን ቀን ማታ አዛዡ ድንኳኔ ድረስ መጣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«በመጨረሻ ፈነዳልን! አንሴልሞ፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ።