ከበሩ ትይዩ

ሲቫን ካሜራ፣ በዕብራይስጡ ማጽሌማ፣ ልትገዛ የወጣችው አምሯት አይደለም። ያስገደደቻት አለቃዋ ተሂላ ናት። የሚሠሩበት ድርጅት ለእስራኤል ኢንሹራንስ ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ያዘጋጃል፤ ሠራተኛው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ በስክሪን ነው የሚሰበሰበው። አንድ ትልቅ ደንበኛ መጥቶ ስብሰባውን የሚመራ ሰው ሲፈለግ፣ ሥራውን ከማንም አብልጣ የምታውቀው ሲቫን ነበረች።

«ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ ፊትሽ እኮ አይታይም» አለቻት ተሂላ። «የምናየው ጥርስና ዓይን ብቻ ነው። ደንበኛ ደግሞ ፊት ይፈልጋል። ጥሩ ማጽሌማ ግዢ፣ ስብሰባው ያንቺ ነው።»

ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። ሲቫንም አብራ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ነገሩ ግን ሆዷ ገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ወዳለ ሱቅ ሄደች። እዚያ ዓይን አዋጅ ሆነባት። አንዱ ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ አንዱ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ አንዱ የራሱ መብራት አለው። ሻጩ እያንዳንዱን በራሱ ፊት እየሞከረ ያወድሳል። ሰውዬው እንደ አይብ የነጣ ነው፤ በየትኛውም ቢታይ ያምርበታል።

«በኔ ፊት ሞክረው» አለችው።

ሞከረው። በመጀመሪያው ጠቁራ ጠፋች። በሌላው አመድ የነፉባት መሰለች። በሌላው ደግሞ ከኋላዋ ያለው መደርደሪያ ቁልጭ ብሎ እሷ ጥላ ሆነች። በመጨረሻ ሻጩ ከጓዳ ባወጣው ራሷን አገኘች፤ የጠይም ቆዳዋ መልክ እንዳለ፣ ግንባሯ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ እንኳ ሳትቀር። ደግሞም ካሜራው ሰው ሲንቀሳቀስ አንገቱን እያዞረ ይከተላል። ደስ አላት፤ ገዛችው።

«ካሜራ ብቻውን ምንም አይሠራም» አላት ሻጩ። «ብርሃኑ ከፊትሽ ይሁን እንጂ ከኋላሽ አይሁን።» ምክሩ ልክ ነበር። መከራውም የመጣው በዚሁ ምክር ነው።

ነቬ ኢታማር በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ፣ ሲቫን የምትኖረው ከአባቷ ከቢምረው ጋር ብቻ ነው። መኝታ ክፍሏ ጨለማ ስለሆነ ጠረጴዛዋን ወደ ሳሎን አወጣች። ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር የቤቱ በር ከኋላዋ፣ ከካሜራው ትይዩ ሆነ።

የስብሰባው ዕለት አጀማመሩ ያማረ ነበር። ሲቫን አስረዳች፣ ተጠየቀች፣ መለሰች። ከዚያ የደንበኛው አለቃ ንግግር ያዘ። በመሃል በሩ ተከፈተና ቢምረው ዳቦ ይዘው ገቡ።

ሲቫን አላሰበችም። ታላቅ ሲገባ መነሳት እናቷ በቁንጥጫ ያስተማረቻት ነገር ነው፤ እግሯ ከሐሳቧ ይቀድማል። ብድግ አለች፣ ዞረች፣ ጎንበስ ብላ «ኖር አባ» አለች።

«በእግዜር፣ በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ አባቷ።

ካሜራውም አደራ አልበላም። ተከትሏት ቀና አለ፤ የቢምረውን ቆብ፣ የዳቦውን ከረጢት፣ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ሰዎች አይተው የደነገጠ ፊታቸውን ጥርት አድርጎ አሳየ። ሲቫን ተመልሳ ስትቀመጥ የደንበኛው አለቃ ንግግሩን አቁሟል። «ይቅርታ፣ አባቴ ናቸው» አለች።

ማታውኑ ተሂላ ደወለች።

«ማጽሌማው ግሩም ነው። ግን ሰውዬው፣ እያወራሁ ጀርባዋን ሰጠችኝ አለ። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ብትሠሪ ይሻላል፤ እዚያ በጣም ጎበዝ ነሽ። ስብሰባውን ሳፒር ትይዘዋለች።»

ሳፒር! ከዚህ በፊት በሌላ ስብሰባ የዚህች ባልደረባዋ ውሻ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ስክሪኑን በምላሱ ሲልስ ሁሉም በሳቅ ፈርሶ ነበር። ደንበኞቹ ስሙን ጠየቁ፣ ዕድሜውን ጠየቁ። የቢምረውን ስም የጠየቀ ግን የለም። ሲቫን ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ፊቷ በማይታይበት ጊዜ ቢያንስ ሰበብ ነበራት፤ አሁን በደንብ አይተዋት ነው የተዋት።

«በኔ የተነሳ ነው?» አሉ ቢምረው ከወጥ ቤት ደጃፍ ሆነው።

«አይደለም አባ። ካሜራው ነው የተበላሸው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በሳምንቱ፣ ስብሰባው በሚካሄድበት ሰዓት፣ ሲቫን ሳሎን ቁጭ ብላ ሳፒር በሚቀጥለው ጊዜ የምትናገረውን ታዘጋጅላታለች። ዳቦ ሊገዙ የወጡት አባቷ ዘገዩ። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመጡም። ጨንቋት በሩን ስትከፍት ቢምረው ደረጃው ላይ ዳቧቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ምነው አባ፣ ቁልፍ ጠፋዎት?»

«ኧረ የለም። ዙምሽ አላለቀም ብዬ ነው። ብገባ ትነሻለሽ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማጽሌማውስ ተሠራልሽ?»

«ተሠራ።»

«እሰይ። በይ ግቢ፣ ሰዎቹን አታስጠብቂ።»

የሚጠብቃት ሰው እንደሌለ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ፊታቸውን አይታ ተወችው። ተመልሳ ገባች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ካሜራውን አበራች። ከዚያ ባዶውን ስክሪን እያየች፣ ደረጃው ላይ እንዲሰማ ጮክ ብላ በዕብራይስጥ ሰላምታ ሰጠች። ፕሮግራሙን አስረዳች፤ ማንም ያልጠየቃትን መለሰች። መሃል ላይ ውሃ ጠጣችና ቀጠለች። ሲበቃት «ቶዳ ራባ ለኩላም» ብላ ሁሉንም አመስግና ካሜራውን አጠፋች። ተነስታ በሩን ከፈተች።

«አለቀ አባ፣ ይግቡ።»

ቢምረው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «እንዴት ሆነልሽ?»

«ወደዱኝ» አለቻቸው።